ስለ ተበላው ሙክትና መንገድ ላይ ስላለው በሬ

ጎንደር፣ ግንቦት ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለክቡር የግብር መሥሪያ ቤታችን ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እየጠየቅሁ፣ ምናልባት የሚያምዎት ነገር ቢኖር እንኳ ከሥራ ብዛት እንጂ ከምግብ ማነስ እንዳይሆን የዘወትር ጸሎቴ ነው። እኔ ፋንታሁን ባዬ፣ በሐጂ ጀማሉዲን የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ በወር ደመወዝ ተቀጥሬ ልብስ የምሰፋ፣ ዘንድሮ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ገቢዬን አስታውቄ ግብሬን ልከፍል ከደጅዎ የመጣሁ ሰው ነኝ። እስካሁን የጻፍኋቸው ማመልከቻዎች በመዝገብ ቤትዎ በሰላም ስለ ተኙ፣ እነርሱን መቀስቀስ ነውር መስሎኝ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣልኝ ልኬአለሁ። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ የነገሩ መነሻ አባቴ ናቸው። አባቴ ባዬ ክንዱ በመካነ ብርሃን በጥንድ በሬ የሚያርሱ ገበሬ ሲሆኑ፣ ልጃቸው ለመንግሥት ግብር ሊያስገባ መሆኑን በሰሙ ጊዜ ኩራትም ፍርሃትም ያዛቸውና፣ ምነው ባዶ እጅህን ከሹም ፊት ትቆማለህ፣ የሰው ልጅ አይደለህም ወይ ብለው፣ አንድ ሸጋ ሙክት በግ በሰው አስነድተው ላኩልኝ። በእርሳቸው ዘመን ግብር የሚያስገባ ሰው እጅ መንሻውን አስቀድሞ ነበርና እኔም የአባቴን ቃል መጣስ ከብዶኝ በጉን እየጎተትሁ መጣሁ። በዚህ ጊዜ የጸሐፊዎን ትሕትና ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ጉቦ ነው ብሎ ባሳፈረኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን እኔን ከመቀመጫ ሳያደርሱ በጉን ከጓሮ አድርሰውልኛል።

ሁለተኛ፤ ጸሐፊዎ ከጓሮ ተመልሰው ስለ ደመወዜ ከመጠየቃቸው በፊት በጉ ከየት እንደ መጣ ጠየቁኝ። እኔም ሞኙ፣ ከቤት ነው፣ ሌሎችም አሉ ብዬ መለስሁ። እንዲህ በማለቴ «ልብስ ሰፊና የበግ ነጋዴ» ተብዬ ተመዘገብሁ። የተጣለብኝም ግብር የዓመት ደመወዜን ቢውጥ የማይጠግብ ሆነ። ሐጂ ጀማሉዲን በንግድ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ስነግራቸው፣ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የደከምሁበትን ስም አንተ በአንድ በግ አገኘኸው ብለው ሊስቁ ጀመሩና፣ ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

ሦስተኛ፤ ነጋዴ አለመሆኔን ለማስረዳት ደጅ በጠናሁ ጊዜ የተሰጠኝ መልስ ጥበብ የተሞላበት ነበር። በጉን ካልሸጥኸው አምጥተህ አሳይ ተባልሁ። በጉ በራሳችሁ ጓሮ ታርዶ፣ በራሳችሁ ድስት ተቀቅሎ፣ ቆዳው በራሳችሁ አጥር ላይ ተወጥሮ ሳለ፣ ከየት አምጥቼ እንዳሳይ አልተነገረኝም። ወደ አጥሩ ልጠቁም እጄን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን የቆዳ ነጋዴ እንዳልባል ፈርቼ መልሼ አወረድሁት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ ከእርስዎ ቤት ቁጭት የሚኖርበት ሰው እንደማይገኝ ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

ክቡር ሆይ፤ እስከዚህ ያለውን በቀልድ ጻፍሁት፤ የሚቀጥለው ግን አያስቀልደኝም። ግብሩ እንደ በዛብኝ ለአባቴ ላክሁባቸው። መላኬ ለእርዳታ ሳይሆን ጭንቀቴን የምነግረው ሰው ባጣ ነበር። እርሳቸው ግን ነገሩን አስበው አስበው፣ ሹሙ የተቆጡት ሙክቱ ቢያንስባቸው ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው፣ ከጥንድ በሬዎቻቸው አንዱን እየነዱ ወደ ጎንደር ተነሥተዋል። ይህን የነገረኝ ከደባርቅ በማኪና የመጣ የአገራችን ሰው ነው። ላስቆማቸው ብል በየትኛው መንገድ እንደሚመጡ አላውቅም። ሰኔ ደርሷል፤ ያለ ጓደኛው የቀረው በሬ ብቻውን አይጠመድም። ሰማይ አይታረስ ይላሉ አባቴ፤ ያለ በሬ ግን ምድሩም አይታረስ። እናቴ አየለችና ታናናሾቼ ከዚያ መሬት በቀር ሌላ የላቸውም። ጨንቆኛል፤ እጅጌ ልሰፋ ተቀምጬ አንገቱን ስደፍን ነው የምውለው።

ስለዚህ የምለምንዎ ነገር አንድ ብቻ ነው። ግብሩን አይቀንሱልኝ፤ የበግ ነጋዴነቴንም ተቀብያለሁ፤ አባቴ ከደጅዎ ሲደርሱ ግን በሬውን አይቀበሉ። ቢቆጧቸውም፣ ቢያባርሯቸውም፣ እኔ እንደ ምርቃት እቆጥረዋለሁ።

በግዎን ከነቆዳው ያቀረብሁ፣ ለወደፊቱም ራሴን እንጂ ሌላ የማቀርበው የሌለኝ፣ ለክቡርነትዎ ወንበር ጽናትን ለጓሮዎም ዕረፍትን የምመኝ ታዛዥዎ፤

ፋንታሁን ባዬ
ልብስ ሰፊ (በእናንተ መዝገብ የበግ ነጋዴ)

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ አባቴ ደረሱ። መጀመሪያ የመጡት ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እርስዎ ቤት ኖሯል። በሬው አብሯቸው የለም። ሸጋ ሰዎች ናቸው፣ በሬውን በክብር ተቀብለው ስሜንም ጠይቀው ጻፉልኝ እያሉ፣ ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ወረቀት ፈትተው እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ወረቀቱ «ባዬ ክንዱ፣ የከብት ነጋዴ» ብሎ ይጀምርና የሚከፈለውን ይዘረዝራል። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም። ምን ይላል ብለው ዐይን ዐይኔን ሲያዩኝ፣ ምስጋና ነው አልኋቸው።