ለመሳቂያ ያልሰፋሁት ልብስ

ይድረስ ሽሮ ሜዳ ለሚኖረው ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ዳልጮ ኦይታ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብህ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ተወት አደረገህ? ሸማው ገበያ አለው? ልክነሽና ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? እኔና እማዬ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን፣ በጤናም አለን። ለመስቀል ትመጣለህ ብለን መንገድ መንገዱን ስናይ ቀረህብን።

ከዚህ የተመለሱት ሸማኔዎች «አስቴር ታስራ ነበር» ብለው እንደነገሩህ ሰምቻለሁ። ውሸት አይደለም፤ ነገሩን ግን ከእኔው ስማው።

እንደምታውቀው እኔ የስፌት መኪና የለኝም። ቤቴ ተቀምጬ ለሠርግና ለበዓል የጥንቱን ልብስ በእጄ ነው የምሰፋው። ነሐሴ ላይ የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ጓድ ሸዋንዳኝ አስጠራኝና ለአብዮት በዓል ለሚታየው ቲያትር የድሮ ልብስ እንድሰፋ አዘዘኝ። የጭሰኛውን እጀ ጠባብ፣ የባላባቱን ካባ ሰፍቼ አስረከብኩ፤ ደስ አለው። ቀጥሎ የጋሞን አገር መሪ የሀላቃውን ልብስ አዘዘ። «ሱሪውን ከጆንያ ስፊው፣ ከኋላው ጭራ ቀጥይበት፣ በሰጎን ላባ ፈንታ የዶሮ ላባ ይሁን። ሕዝቡ ገና ሲያየው በሳቅ መፍረስ አለበት» አለኝ።

አባታችን ጨንቻ ላይ ሀላቃ ሆኖ ጠብ ሲያበርድ፣ ለዝናብና ለእህል ሲመርቅ የኖረ ሰው መሆኑን ጓድ ሸዋንዳኝ አያውቅም። ቢያውቅም የሚተው አይመስለኝም።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ወንጌል ከተቀበለች ጀምሮ የአባታችንን ሥርዓት እንደማትወድ፣ በዚህም የተነሣ ስንት ጊዜ እንደተኳረፉ ታስታውሳለህ። «ዝም ብለሽ ስፊላቸው» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ የአባታችንን ዱንጉዛ ሱሪ ከሣጥን አውጥታ ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። «ሥርዓቱን ትቼዋለሁ። በባሌ ግን ማንም አይስቅም» አለችኝ።

ሱሪውን ብል በልቶታል፤ ለመለኪያ ግን በቃኝ። አምና ሸምነህ የላክህልኝን የዱንጉዛ ጨርቅ ቆረጥኩት። ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ፣ ቢጫው ከቢጫው ሳይዛነፍ እንዲገጥም እየፈታሁ ደግሜ ደጋግሜ ሰፋሁት፤ ጣቴ በመርፌ ተበሳስቶ አለቀ። የሰጎን ላባውንም ከቆላ ከሚመጣ ነጋዴ ገዛሁ።

ወስጄ ስሰጠው ጓድ ሸዋንዳኝ ልብሱን ዘርግቶ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ለመሳቂያ ነው ያልኩሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ለመሳቂያ ከሆነ፣ ጓድ፣ ሌላ ሰው ይስፋልዎት። እኔ አባቴ ለብሶት ያየሁትን ነው የሰፋሁት» አልኩት። «ለካስ የአድኃሪ ልጅ ነሽ!» አለኝ። «የኦይታ ልጅ ነኝ» አልኩት።

እዚያው አሳሰረኝ። እማዬ ስንቅ ይዛ ትመጣና በሩ ላይ ትቀመጣለች። ሂጂ ሲሏት «ልጄን ይዤ ነው የምሄደው» ትላቸዋለች። እኔ ታስሬ ሳለሁ ጆንያውን የሚሰፋላቸው ሰው ፈልገው አጡ። አንዱ ልብስ ሰፊ መኪናዬ ተሰበረ አለ፤ ሌላው ምዕራብ ዓባያ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ተሰወረ። በዓሉ ሲደርስ ምሕረት ነው ብለው ለቀቁኝ።

የበዓሉ ዕለት ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ከጨንቻ በጭነት መኪና የመጡ ሽማግሌዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሀላቃውን ሆኖ የሚጫወተው መምህር ማርቆስ ሌላ ልብስ ስላልተገኘለት የእኔን ለብሶ ወጣ። ፊት ለፊት ያሉት ካድሬዎች ለመሳቅ ተመቻችተዋል። ጋሼ፣ ማንም አልሳቀም! አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። አጠገባቸው ያሉት ተከተሏቸው፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ ቆመ። ማርቆስ እንዲያስቅበት የተሰጠውን ቃል ተወው። እጆቹን ዘረጋና በጋሞኛ አገሩን መረቀ። ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን ሲቀበሉ እማዬ ክንዴን ጨብጣ ታለቅስ ነበር።

ዋጋ አላስከፈለንም አልልህም። ማርቆስን ወዲያው ሩቅ ወረዳ አዛወሩት፤ እሱን ሳስብ ሆዴ ይባባል። እኔንም «አብዮቱን ለመጉዳት ሆን ብዬ ሰፋሁ» ብለሽ ፈርሚ አሉኝ። «አሳምሬ የሰፋሁት ሆን ብዬ ነው፤ እሱን ጻፉና እፈርማለሁ» አልኳቸው። አልጻፉም፤ አልፈረምኩም። ልብሱን መጋዘን ከተው ቆለፉበት። ይቆልፉበት! ከመስቀል ወዲህ ሰዎች ዱንጉዛቸውን ጋቢያቸው ሥር ሸሽገው ከጨንቻ እየወረዱ «እንደ ማርቆስ አድርገሽ ስፊልን» ይሉኛል። እኔም እሰፋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ነው የምልከው። መንገድ ላይ ከፍቶ የሚያነብ ካለ ያንብበው፤ ሲጨርስ ግን አሽጎ ያድርስልህ። አንተም ፈርተህ እንዳታቃጥለው። ለልጆችህ አንብብላቸው፤ አያታቸው ማን እንደነበረ ካንተ አፍ ይስሙ። የወገብህንና የቁመትህን ልክም በክር ለክተህ ላክልኝ፤ ለሚመጣው መስቀል እኔ የሰፋሁትን ለብሰህ ጨንቻ ገበያ መሐል ትሄዳለህ።

ልክነሽን ሳምልኝ፤ ስትለካህ ሆድህን ወደ ውስጥ እንዳትስብ ትጠብቅህ። ዘካሪያስን በርታ በልልኝ። ማሚቱን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ደግሞ ዓይንህን ስማሃለች። «እሱም ልቡ ከፈራ ይፍራ፤ ብቻ ይምጣ በዪው» ብላኛለች።

እህትህ አስቴር ኦይታ
አርባ ምንጭ፣ መስከረም 26 ቀን 1976 ዓ.ም.