ሜዳ መውጣት

ሰኞ፣ ጁላይ 9፣ 2007

«አባዬ፣ ቅዳሜ ካንተ ጋር ሜዳ መውጣት እፈልጋለሁ» አለችኝ ሊያ በስልክ። እኔ ባደግኩበት አማርኛ ሰው ሜዳ የሚወጣው ሊጸዳዳ ነው። ልጄ ግን እዚሁ ዴንቨር ተወልዳ አማርኛን ከእናቷና ከእኔ የለቃቀመች ናት። ያሰበችው ሌላ ነው፦ ጓዛችንን በጀርባችን ተሸክመን፣ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለን አንድ ሌሊት ማደር።

እሺ አልኩ። እናቷ ካረፈች ስምንት ወር ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ ልጄ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። ጨረቃ ላይ እንውጣ ብትለኝም እሺ እል ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ግራ ጉልበቴ ትዝ ያለኝ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ መራመዱን ይራመዳል፤ ቁጢጥ ማለት ግን አይችልም። እዚያ ደግሞ ሽንት ቤት የለም። የቃሉ ሁለቱም ትርጉም ሊደርስብኝ ነው።

ማክሰኞ

እንደኔው ታክሲ እየነዳ ኤርፖርት ወረፋ አብሮኝ ለሚጠብቀው ለኑረዲን ነገርኩት። የመርካቶ ልጅ ነው፤ ምስጢር ይጠብቃል፣ ከሳቀ በኋላ።

«ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል በላታ!» አለኝ።

«ለልጄ?»

«አይ፣ ለእኔ ልጅ! ሰውዬ፣ ልጅህ እኮ ናት!»

ሃያ ዓመት ከሊያ ጋር ስለ ትምህርት፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ መኪና ዘይት ተነጋግሬያለሁ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራንም። ስለ እናቷም አናወራም።

ረቡዕ

ካምፒንግ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ወንበር አልኩት ሻጩን። አምስት ዓይነት አሳየኝ። «ቀዳዳ ያለው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ኦ!» አለና፣ ሱቁ በሙሉ እስኪሰማ ድረስ መደርደሪያው የት እንደሆነ ነገረኝ።

ሦስት የሚታጠፉ እግሮች፣ መሃሉ ክፍት የሆነ መቀመጫ። ቀላል ነው። ካርቶኑ ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጦበት፣ ተራራ እያየ ፈገግ ብሏል። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ እንደዚያ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። እርግጥ ብዙ አላየሁም።

ሐሙስ

ሳሎን ምንጣፍ ላይ ስቀመጥበት ምንም አላለም። ከሕንፃው ጀርባ ቁልቁለቱ ላይ ግን ሁለቴ ጣለኝ። በሦስተኛው፣ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ጋዜጣ ይዤ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አንዲት ጎረቤቴ ከበረንዳዋ እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም አውለበለብኩ።

የተማርኩት፦
ሁለቱ እግሮች ወደ ቁልቁለቱ፣ አንዱ ወደ ዳገቱ።
ክብደትን ቀስ ብሎ መልቀቅ።
ሱሪ ከመፍታት በፊት መሞከር።

ኑረዲን ደወለ። «ዙፋኑ እንዴት ነው?»

«ዙፋኑ ደህና ነው። የወደቀው ንጉሡ ነው።»

ዓርብ

ሊያ ከምትኖርበት ከግሌንዴል መጣች፤ ዛሬ እዚህ ታድራለች። ቦርሳዬን አነሳችና «አባዬ፣ ምን ፓክ አድርገህ ነው?» አለች። መጽሐፍ ነው ብዬ ዋሸሁ። ወዲያው አመነችኝ፤ ይኼም ትንሽ አሳዘነኝ።

ጃኬት ፍለጋ የእናቷን ቁም ሳጥን ከፈተች። ልብሶቹ እንዳሉ ናቸው። ቆም ብላ አየቻቸውና ዘጋችው።

ቅዳሜ

ተራራው ላይ፣ አንድ ሐይቅ ዳር ሆኜ ነው የምጽፈው። መንገዱ አጭር ነው ብላኝ ነበር። ከፊት ከፊቴ እየሄደች፣ ወደ ኋላ ስቀር የጫማዋን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ትላለች። ሰባት ጊዜ ተፈታባት።

ማታ ትንሽ አካፋ ሰጠችኝና ከውሃው ራቅ ብዬ እንድቆፍር ነገረችኝ። አመሰገንኩ፤ ልክ ጨው እንዳቀበለችኝ ሁሉ። አልሄድኩም። እስከ ነገ እችላለሁ።

እሑድ፣ ኦሮራ፣ ዴንቨር ጥግ፣ ቤቴ

አልቻልኩም። ጎህ ሲቀድ መቀመጫውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ዛፎቹ መሃል ገባሁ። ቆፈርኩ። ሞከርኩት፤ ቆመ። ሱሪዬን አውርጄ በደንብ ስደላደል አንዱ እግር እርጥቡ አፈር ውስጥ ሰመጠና በጎኔ ወደቅኩ። ጉልበቴ ከሥሬ ሆነ። ልነሳ ብል አልሆነም። ጥቂት ጊዜ ተጋድሜ ሰማዩን አየሁ። ሌላ መላ አልነበረም።

«ሊያ!»

እየሮጠች መጣች። «ሙቭ እንዳታደርግ!» ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዙራ ጃኬቷን ወረወረችልኝ። ተሸፈንኩ። ከዚያ እግሯን ከእግሬ ጋር አጋጥማ፣ ክንዴን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ በአንድ ትንፋሽ አነሳችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታደርገው አይመስልም።

«የት ተማርሽው?»

«እማዬን እንዲህ ነበር የማነሳት» አለች፣ አሁንም ወደ ዛፎቹ እያየች። «ባዝሩም ውስጥ። አንተ ሥራ ስትሄድ። ላባትሽ አትንገሪ ትለኝ ነበር።»

«ስንት ጊዜ?»

«ኤቭሪ ዴይ፣ አባዬ።»

እኔ ሚስቴ ታማም ቢሆን ራሷን ችላ የምትነሳ ይመስለኝ ነበር። ማታ ስገባ ሁልጊዜ ተጣጥባ፣ ፀጉሯን ተበጥራ ነበር የማገኛት።

ሊያ መቀመጫውን ከጭቃው ነቅላ ደረቁ ላይ ተከለችው። በእጇ ተጭና ሞከረችው። «በል ተቀመጥ። እዚያ ጋ ነኝ» አለችና፣ ከአንድ ትልቅ ግንድ ጀርባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ከዚያ ማውራት ጀመረች። እናቷ እዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ምን እያለች እንደምታስቃት። የትኛው ቀን አብረው እንዳለቀሱ። አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በእንግሊዝኛ።

ፀሐይዋ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ደረሰች።

«አባዬ፣ ጨረስክ?» አለችኝ በመሃል።

ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። «ገና ነኝ፤ ቀጥይ» አልኳት።