ሰባት ቀይ ቋጠሮ

«ጉዳዩ፦ የተሰጠ ውሳኔን ስለ ማሳወቅ። በወይዘሮ የሺእመቤት ስም ለዕደ ጥበብ ኤግዚቢሽን የቀረበው የጥንት የሴት ቀሚስ ‹ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሰፋ› ተብሎ ቢመዘገብም፣ ኮሚቴው ባደረገው ምርመራ የግራና የቀኝ ጎኑ በስፌት መኪና የተሰፋ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሟቿ የእጅ ባለሙያ መስለው በመቅረብ ሰፊውን ሕዝብ ያታለሉ መሆናቸው ስለ ታመነበት ስማቸው ከመዝገብ እንዲሰረዝ ተወስኗል። እርስዎም የፊታችን እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ተገኝተው በሟቿ ስም ግለ ሂስ እንዲያደርጉ እናስታውቃለን።»

የሺዬ፣

ከላይ ያለውን አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ነው የገለበጥኩልሽ። ማኅተሙ ሐምራዊ ነው፤ ፊርማው አይነበብም። ከተለየሽኝ ዛሬ አሥራ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ያልጻፍኩልሽ ሰው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት በናፍቆት እንዳይመስልሽ። በንዴት ነው። ናፍቆቱ ደብዳቤ አያስፈልገውም፤ አብሮኝ ይውላል፣ አብሮኝ ያድራል።

ሟች እንዴት አድርጎ «መስሎ ይቀርባል»? ሌላ ሰው አድርጓል ለተባለው ነገር «ግለ ሂስ» የማደርገውስ እንዴት ነው? ተማሪዬ እንዲህ ጽፎ ቢያመጣ ወረቀቱን በቀይ አጥለቅልቄ እመልስለት ነበር። ስብሰባው ነገ ነው። ከዚያ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ቤቱ እንደ ተውሽው ነው ብዬ አልዋሽሽም። የጓዳው መስኮት ተሰንጥቆ በካርቶን ደፍኜዋለሁ። በአጥራችን ጥግ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆረጠ፤ አሁን ቢሆን ከአልጋሽ ሳትነሺ እንጦጦን እስከ አናቱ ታዪው ነበር። መርፌዎችሽ በሶፋው ክንድ ላይ እንደ ሰካሻቸው ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ወግተውኛል፤ አልነቀልኳቸውም። የቀበሌው ስኳር የአንድ ሰው ሆኗል። በራሽን ካርዱ ላይ ስምሽን ሲሰርዙት ፊታቸው ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሲሰርዙሽ ግን ዝም አልልም።

በጥር ወር የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የዕደ ጥበብ ኤግዚቢሽን እንደሚከፍት ማስታወቂያ ለጠፈ። እያንዳንዱ ሥራ የሠሪው ስም በካርቶን ተጽፎ አጠገቡ ይቆማል ይላል። እዚያ ማስታወቂያ ፊት ብዙ ቆምኩ። ያን ሁሉ ዓመት ስትሰፊ ስምሽ አንድም ቦታ ተጽፎ አያውቅም። ሰው ሁሉ «የመምህሩ ልብሶች» ነበር የሚላቸው። እኔም አላረምኳቸውም። የሰው ነጠላ ሰረዝ ሳላርም የማላልፈው ሰውዬ!

ስለዚህ የመጨረሻውን ቀሚስሽን ከሣጥን አውጥቼ ወሰድኩት። ወንድምሽ ግርማ «ንግሥት የሚል ቃል ብቻ እንዳትጽፍ፣ አደራ» ስላለኝ «የጥንት የሴት ቀሚስ» ብዬ አስመዘገብኩ። ከሥሩ «ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሰፋ» ብዬ ጨመርኩበት። በኩራት ነው የጻፍኩት።

ያንን ቀሚስ ለየትኛው ቀን እንደ ሰፋሽው እነሱ አያውቁም። ከቁስቋም በላይ ያለችውን ሜዳ እንጨት የሚለቀምባት ቦታ አድርገው ነው የሚያውቋት። እኛ ግን በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ስምንት ሆነን ወጥተን፣ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት የነበረውን የንጉሥ ሰፈር እንተክልባት ነበር። ስምንት የመንግሥት ደመወዝተኞች፤ አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ በቅሎ ያዥ፤ በቅሎ ግን አልነበረንም። ሕጉን የማወጣው እኔ ነበርኩ፦ በጥንት ሥዕል ወይም ጽሑፍ የማይረጋገጥ ልብስ አይለበስም። የፋብሪካ ጨርቅ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ የመኪና ስፌት የለም። ሽሮ ሜዳ ወርደን ሸማ ስንመርጥ ፈትሉን በጣቴ እየፈታሁ ሸማኔውን አሰለቸዋለሁ። አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ በዓይንሽ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ። እንደማላይ አስመስል ነበር እንጂ አያለሁ።

መድኃኒት ቀማሚው ወዳጃችን ንጉሥ የሆነበት ዓመት ትዝ ይልሻል? ከካባው ሥር ባለ ዚፕ ሱሪ ለብሶ አገኘሁትና ከዙፋኑ አወረድኩት። «ተወው እባክህ፣ ንጉሥስ አይቸኩልም እንዴ?» ብለሽ ሜዳውን በሳቅ ሞላሽው። እኔ አልሳቅኩም። አሁን ይህን ስጽፍ ሳቅኩ። ይኸው፣ ዘግይቶም ቢሆን።

ቀይ ክሩን የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። የሰፋሽውን ልብስ እንደ ፈተና ወረቀት በመስኮቱ ብርሃን ገልብጬ አያለሁ። ያልተስተካከለ ስፌት ካገኘሁ ቀይ ክር ቋጥሬበት እመልስልሻለሁ። ትርጉሙ «ተርትረሽ እንደገና ስፊው» ነው። ምንም ሳትናገሪ ትተረትሪዋለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ተበቀልሽኝ። እንግዳ ፊት ባመናጨቅኩሽ ማግስት የመነጽሬ እጀታ ላይ ቀይ ክር ቋጥረሽ ወደ ሥራ ሰደድሽኝ። ሳላውቅ ሙሉ ቀን አስተማርኩበት። ተማሪዎቹ ለምን እንደሚሳሳቁ የገባኝ ቤት ስመለስ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ሜዳው ቀረ። ስምንት ሰው ተሰብስቦ ንጉሥና መኳንንት ቢጫወት ምን እንደሚከተለው ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። አሰሳ የመጣበት ጠዋት በሩ ሲደበደብ፣ ሁለቱን ባለ ወርቅ ጥልፍ ካባዎች ይዤ በክፍሉ መካከል ደርቄ ቀረሁ። አንቺ ነጠቅሽኝና አንዱን በአንዱ ላይ ደርበሽ ለበስሽ፤ ጋቢ ተከናንበሽ አልጋ ላይ ወጣሽና ማቃሰት ጀመርሽ። ጠመንጃ የያዘው ሰውዬ «ምን ሆና ነው?» አለኝ። «ወገቧን» ለማለት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። «እግዜር ይማርሽ እናቴ» ብሎሽ ወጣ። ሲሄዱ ጋቢውን ገፍፈሽ፣ ላብ አጥምቆሽ፣ «ንግሥና እንዲህ ይሞቃል እንዴ?» አልሽ። በሳምንቱ ካባዎቹን ቀደሽ የትራስ ልብስ አደረግሻቸው። ይህን የምጽፍልሽ የንጉሡ ካባ ላይ ተቀምጬ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ልብስ ብቻ ሰፋሽ። «ሜዳው የተመለሰ ቀን ቢያንስ አንድ ሰው የሚለብሰው ይኑር» ብለሽ። በእርሳስ ገልብጬ ያመጣሁልሽን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ፣ የአንገቱን ጥልፍ ብቻ አንድ ክረምት ሠራሽበት። ከዚያ ልብሽ ታመመ፤ ጣቶችሽ አበጡ። ያለቀውን ቀሚስ አጣጥፈሽ ስትሰጪኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልመረምር ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ታማለች ብዬ ምሕረት ያደረግኩልሽ መስሎኝ ነበር።

የኮሚቴው ደብዳቤ የደረሰኝ ዕለት በቀጥታ ወደ ቢሮአቸው ሄድኩ። ከመካከላቸው አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ በጣቱ ዳብሶ ነው ያወቀው አሉኝ። ሰብሳቢው ቀሚሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ እየመለሰልኝ፣ «ጓድ መምህር፣ ሞቶ ለተቀበረ ሰው ይህን ያህል ምን ያስቆጣል?» አለኝ። እጄ ላይ ያለውን ጋዜጣ ስጨብጠው ተቀደደ።

በማግስቱ ግርማ መጣ። ቁጭ እንኳ አላለም። «ጋሼ፣ እባክህ አትሟገት። ንጉሥ ናፋቂ ብለው የጻፉብህ እስካሁን አለ። እሑድ ተነሣና ‹እሷ አሳስታኝ ነው› በል፣ በቃ። ሟች አይታሰርም» አለኝ። የእናትሽ ልጅ ነው እንዲህ ያለኝ። ክፋት አይደለም፤ ለእኔ ፈርቶ ነው። ቢሆንም በሩን አሳየሁት።

እኔ የፈለግኩት ማስረጃ ነበር። የእጅ ስፌት አንድ ክር ነው፤ አንድ ቦታ ቆርጠው ሲስቡት ተከትሎ ይወጣል። የመኪና ስፌት ግን ሁለት ክር ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ተቆላልፈው ይሄዳሉ። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ነገ በስብሰባው ፊት ያንን አንድ ክር ስቤ ላሳፍራቸው አስቤ፣ ዛሬ ጠዋት ቀሚሱን ገልብጬ መስኮቱ ሥር ዘረጋሁት። የጎኑን ስፌት ከውስጥ በኩል በቀጭን ጨርቅ ሸፍነሽዋል። ጨርቁ የተያዘው በእጅ፣ በሰፋፊ ስፌት ነው፤ እሱን በምላጭ ከፈትኩና ከሥሩ ያለውን ክር ቆርጬ ሳብኩት።

አልመጣም። ሁለት ክር ነበር።

የሺ፣ ተቆጣሁሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንድ አፍታ ከኮሚቴው ይልቅ አንቺን ተቆጣሁ። በዚህ ቤት ያለውን ሕግ ታውቂያለሽ፤ ለእነዚያ ሰዎች አሳልፈሽ ሰጠሽኝ አልኩ። ምላጩን ይዤ የሸፈንሽውን እስከ ታች ከፈትኩት። ያን ጊዜ አየኋቸው። ከብብት እስከ ዳሌ፣ በግራ አራት፣ በቀኝ ሦስት፤ ሰባት ቀይ ክር። የእኔ ቋጠሮ አይደሉም። እኔ ሁለት ጊዜ ነው አጥብቄ የምቋጥረው። እነዚህ የላሉ ናቸው፤ ባበጠ ጣት የተቋጠሩ።

ጎረቤታችን በለጡን አጥሩ ላይ ጠርቼ ጠየቅኳት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «እርስዎ እንዳይሰሙ አደራ ስላለችኝ ነው፣ መምህር» አለች በመጨረሻ። «እኔ ጋ መጥታ በመኪናዬ ሰፋችው። ‹ጣቴ ሲሻለኝ ተርትሬ በእጄ እመልሰዋለሁ፣ ምልክት አድርጌበታለሁ› አለችኝ። አልተሻላትም እንጂ።»

ያንን ሰሞን አስታወስኩ። «ለበለጡ ልጆች ዩኒፎርም ላግዛት» ብለሽ ትሄጂ ነበር። እኔ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፤ መኪናው ከአጥሩ ማዶ ያንቋቋል። አንድ ቀን ተነሥቼ፣ «ይህችን መኪና ዝም የሚያሰኝልኝ ሰው ጠፋ?» ብዬ ጮኽኩ። መኪናው ወዲያው ዝም አለ። እኔም የተከበርኩ መስሎኝ ወደ እርማቴ ተመለስኩ።

አንቺ ነበርሽ።

እንግዲህ ያታለለው ማን ነው? ያንን ሳስብ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ለኮሚቴው ይህን ጻፍኩ፤ ነገም ቆሜ የማነበው ይህንኑ ነው፦

«ስፌቱን በተመለከተ ኮሚቴው ትክክል ነው። ‹ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሰፋ› የሚለውን ቃል የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሳልመረምር ጻፍኩ። ባለቤቴ ይህን አልተናገረችም፣ አልጻፈችም፣ አልፈረመችም። ‹አታለሉ› የሚለው ቃል ከስሟ ላይ ተነሥቶ በእኔ ስም ላይ ይጻፍ። ስሟ ወደ መዝገብ ይመለስ። ከሥሩም ጥልፉ፣ አንገቱ፣ እጅጌውና ቅምቅማቱ በእጅ፣ ሁለቱ ጎኖች በመኪና የተሰፉ ተብሎ ይገለጽ።»

ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ። ሦስት ጊዜ ገልብጬ የጻፍኩት መስመሩ እየተጣመመብኝ ነው። ጋቢዬንና ሁለት ሸሚዝ በትንሿ ሻንጣ ከትቼ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። የቤቱን ቁልፍ በለጡ ትይዛለች። ቀሚሱንም ለእሷ ሰጥቻታለሁ፤ ምንም ቢመጣ ማንም አያገኘውም። ግርማ ሲሰማ አብዷል ይላል። ይበል። ያ ልጅ ስለ ሟች የተናገረው እውነት ነው፤ ሟች አይታሰርም። ስም ግን ይታሰራል፤ እኔም ያንቺን ስም አስይዤ ነጻ አልወጣም።

ለበለጡ ከመስጠቴ በፊት የከፈትኩትን ጨርቅ መልሼ ልሰፋው ሞከርኩ። ከሶፋው ክንድ አንዱን መርፌሽን ነቀልኩ። ክሩን ለማስገባት ብቻ ምን ያህል እንደ ቆየሁ አልነግርሽም። አራት ስፌት ሰፋሁ። አራቱም ጠማማ ናቸው። አንዱ ላይማ ጣቴን ወግቼ ትንሽ ደም ነክቶታል። አልተረትራቸውም። ቋጠሮዎችሽንም አልፈታኋቸውም፤ በነበሩበት ናቸው። ከዚህ በኋላ ማንም ስለዚያ ቀሚስ ቢጠይቀኝ፣ ቆሜም ሆነ ተይዤ፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ጨርቁ ምን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት፣ የሰፋችው ማን እንደሆነች ስምሽን እናገራለሁ። ሜዳው ቢመለስ እዚያም፤ ባይመለስ እዚሁ።

በደብዳቤዬ ግርጌ መልሱ በጽሑፍና በማኅተም እንዲሰጠኝ ጠይቄያለሁ፤ የመጨረሻው ቀን ግንቦት አሥራ ሁለት፣ ሙት ዓመትሽ ነው። «ጉዳዩ ይታያል» የሚል የቃል መልስ አልቀበልም። አንቺንም፣ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ መልስ ልጠይቅሽ ነበር። ግን የአንቺ መልስ ደርሶኛል፤ ሰባት ቦታ ተቋጥሮ። የቀረው የእነሱ ነው።

እስከ ግንቦት አሥራ ሁለት። በጽሑፍ።