ዘጠኝ ሐሙሶች፦ ለምስክር ወረቀት ጽሕፈት ቤቱ ዳይሬክተር

ለተከበሩ የግዛታችን የትምህርት ባለሙያዎች ምስክር ወረቀት ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ ያሉት ሠራተኞችም፣ ካለፈው ማርች ጀምሮ ከማንም በላይ ያነጋገረኝ የስልክ መልስ መስጫ ማሽናችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ እንቅልፌም እንደ ድሮው አይደለም፤ ነገር ግን ይህ በማደሻ ቅጹ ላይ ስላልተጠየቀ አልገባበትም።

ስሜ ማርሊስ ድቮራክ ነው። በኤልም ፎርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ልጆቹ ድቮራክን አሳጥረው ሚስ ዲ ይሉኛል፣ ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ በዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ያውቀኛል። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ሳወጣ እርስዎን ለማሳፈር አስቤ እንዳይመስልዎት። በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደደረሱ ማወቅ ስላልቻልኩ፣ ምናልባት ጋዜጣው ይሻል ይሆናል ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት የእኛ ምስክር ወረቀት በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። የእኔ የሚያበቃው ኦገስት 31 ቀን ነበር፣ ማመልከቻዬን ያስገባሁት ግን ማርች ውስጥ፣ ገና በረዶው ከመኪና ማቆሚያው ሳይነሣ ነው። ይህን ያህል መቸኮሌ ምናልባት እንደ ድፍረት ተቆጥሮብኝ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምስጋናዬንም እንደ ቅጾችዎ በቁጥር ከፋፍዬ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጣት አሻራዬ ላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ሥራ ስጀምር ሰጥቻለሁ፣ በየእድሳቱም ሰጥቻለሁ፤ ዘንድሮ ግን «ደብዝዟል፣ ይደገም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመለሰልኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሸሪፉ ቢሮ ስሄድ አሻራ የሚያነሣው ምክትል ሸሪፍ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ግድም ከሒሳብ ክፍል እየሾለከ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ እያባበልኩ የምመልሰው ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። «ሚስ ዲ፣ አሁን ደግሞ ምን አጥፍተው መጡ?» አለኝ ጣቶቼን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገ። «ልጆች አነጋግሬ» አልኩት። «እሱማ ከባድ ነው፤ በዋስም አይለቀቁም» ብሎ ሳቀብኝና አሥሩንም ጣቶቼን አንድ በአንድ ተጫነልኝ። ዕድሜና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሻራ እንደሚያደበዝዝ ያስረዳኝም እሱ ነው። ስለዚህ በወጣትነት ሥራ ጀምሮ በስተርጅና ፈቃድ ማሳደስ የራሴ ጥፋት መሆኑን ተቀብያለሁ።

ሁለተኛ፣ ከዩኒቨርሲቲዬ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለእናንተ የተላከውን የትምህርት ማስረጃዬን «ፖስታው ስለተከፈተ ተቀባይነት የለውም» ብላችሁ ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። በፖስታው ጀርባ ላይ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ የራሳችሁ ማኅተም አለ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ የመዝገብ አያያዝ በሌላ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ትንሽ ስለሚረዝም ታግሠው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለእድሳት ከሚጠየቁት ሥልጠናዎች አንዱ ተማሪ ራሱን እንዳይጎዳ መከላከልን የሚመለከተው የስድስት ሰዓት ሥልጠና ነው። ይህን ሥልጠና በእኛ አካባቢ ላለፉት ስድስት ዓመታት የምሰጠው እኔ ነኝ። የማስተማሪያውንም ገጾች ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አንዳንዱን ገጽ የጻፍኩት እንባዬን እየጠረግሁ ነው። ዘንድሮ ብቻ አርባ አንድ መምህራን በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ፣ በመዝገቡ ላይ ፈረሙ፣ እኔም ከታች በአሰልጣኝ ቦታ ፈረምኩላቸው። አርባ አንዱም በዚያ ፊርማ ፈቃዳቸው ታደሰላቸው። የእኔ ግን ኦገስት 28 ቀን፣ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ «አመልካቿ ሥልጠናውን ስለመውሰዷ ማስረጃ አልተገኘም» ተብሎ ተመለሰ።

ስልክ ደወልኩ። ሙዚቃችሁን አርባ ሰባት ደቂቃ ካዳመጥኩ በኋላ ጄኔል የምትባል ሠራተኛችሁ አነሣች። ስሟን የጠቀስኩት እንድትቀጧት ሳይሆን እንድታመሰግኗት ነው፤ በእናንተ በኩል ስሟን የነገረችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

«ወይዘሮ ድቮራክ፣ ሲስተሙ ላይ ተሳታፊ ሆነው አይታዩም» አለችኝ።

«አሰልጣኟ እኔ ነኝ እኮ።»

«እሱስ ገብቶኛል፣ ስምዎ ከታች ይታየኛል። ግን ተሳታፊ የሚለው ሳጥን ላይ የሉም።»

«የሌለሁበትን ሥልጠና እንዴት ልሰጥ እችላለሁ?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል» አለች፤ «ሥልጠናውን ከሌላ ሰው ቢወስዱት አይሻልም? ሰው ሲቸገር መስማት አልወድም።» እንዲህ ያለ ደግ ቃል ከናንተ ቤት ስለወጣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በእኛ አካባቢ ግን ያን ሥልጠና የሚሰጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልችልም።

ሴፕቴምበር 1 ቀን የትምህርት ቢሮው ጠበቃ ፈቃድ የሌለው ሰው ተማሪን በሩን ዘግቶ ማነጋገር እንደማይችል ጻፈ። ጠበቃው ትክክል ነበር። የቢሮዬ ቁልፍ ተወሰደ፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ተሰጠኝና በካፍቴሪያው ውስጥ ትሪ የማይመልሱ ልጆችን እንድቆጣጠር ተመደብኩ። በእኔ ቦታ ከሌላ ከተማ አንድ አማካሪ በየሰኞው እንዲመጣ ተደረገ። ለእኔም፣ ተማሪ ቢመጣብኝ የአስቸኳይ ምክር መስጫ ስልክ ቁጥር ያለበት ካርድ ሰጥቼ «ሰኞ ነይ» ወይም «ሰኞ ና» እንድል ታዘዝኩ።

አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጽፍም፣ በሥራዬ ደንብ መጻፍ አልችልም። የሐሙሷ ልጅ እላታለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ከምሳ በኋላ እኔ ጋ ትመጣ ነበርና። መጀመሪያ ላይ ለወራት ያህል ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ማሰሮ ከረሜላ እየለቀመች ስለ ውሻዋ ብቻ ነበር የምታወራኝ። ባለፈው ፌብሩዋሪ ግን ራሷን ልትጎዳ እንዳሰበች ነገረችኝ። የዚያኑ ቀን ከእናቷ ጋር ሆነን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ተሻላት። ለምን ለእኔ እንደነገረችኝ ስጠይቃት፣ «ሚስ ዲ፣ እርስዎ ሁልጊዜ እዚሁ ነዎት እኮ» አለችኝ።

በሴፕቴምበር ሁለተኛው ሐሙስ ያችው ልጅ ካፍቴሪያው በር ላይ መጥታ ቆመች። ሰደርያዬን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሚስ ዲ፣ ይሄ ምንድን ነው የለበሱት? ቢሮው ተቆልፏል።»

«ወረቀቴ አልታደሰም፤ ለጊዜው ላነጋግርሽ አልችልም» አልኳት።

«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።»

አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር የጠየቀችኝ፣ ክቡር ዳይሬክተር። ካርዱን ሰጠኋት፣ «ሰኞ ነይ፣ ጥሩ ሰው ነው የሚመጣው» አልኳት። ካርዱን አየችው፣ ጀርባውንም ገልብጣ አየችው። «ችግር የለም» ብላ ሄደች። ወዲያው ርዕሰ መምህሩ ጋ ሮጥኩ፣ እናቷም ተደወለላት፣ የሰኞው አማካሪም አስጠርቶ አነጋገራት። ለእሱም «ደህና ነኝ» አለችው። እኔም በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ያንኑ ብዬዎታለሁ፤ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚታመን የሚያውቀው ሰሚው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የእንጨት ሥራ መምህራችን ሃርላን ቲምሰን መላ አመጣ። እሱ ሥልጠናውን ከእኔ ወስዷል፣ ፈቃዱም የጸና ነው፤ ደንባችሁ ደግሞ እንዲህ ያለ መምህር ሥልጠናውን ለሌሎች ሊሰጥ ይችላል ይላል። «አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ የራስሽን ወረቀት አነብልሻለሁ» አለኝ። ደንቡ ቢያንስ ሁለት ተሳታፊ ስለሚጠይቅ ሚስቱ ሎርና፣ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ሹራብ መሥሪያዋንና ላዩ ላይ ድንች የተደረደረበት የምድጃ ምግቧን ይዛ መጣች። እናም በኦክቶበር መጀመሪያ ቅዳሜ፣ የመጋዝ ብናኝ ባለበት የእንጨት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ራሴ የጻፍኩትን ሥልጠና ስድስት ሰዓት ሙሉ ወሰድኩ።

ሃርላን ቀልደኛ ነው። «ማርሊስ፣ ጥያቄ ካለሽ እጅሽን አውጪ፤ ከጓደኛሽ ጋር ማውራት ክልክል ነው» ይለኝ ነበር። ሎርና ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ሳቃችን እስከ ገጽ አሥራ አንድ ድረስ ሄደ።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሃርላን ማንበብ ጀመረና ቆመ። የሐሙሷን ልጅ ነገር ስሟን ሳልጠራ ነግሬው ነበር። «ልለፈው?» አለኝ በዝግታ። «አንብበው» አልኩት፤ «ስድስት ሰዓቱ መሙላት አለበት።» አነበበው። በራሴ እጅ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «አንድ ልጅ በርህ ላይ መጥቶ ከቆመ ሌላ ቀን ና አትበለው። እዚያ በር ድረስ ለመምጣት ስንት ቀን እንደፈጀበት አታውቅም።» ሎርና ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔ አለቀስኩ፤ ማልቀሴንም መጻፍ አያሳፍረኝም። ከዚያ ሃርላን ገጽ አሥራ ሁለትን አነበበ፣ በተሳታፊዎች ሳጥን ውስጥም ፈረምኩ።

ምስክር ወረቀቴ ኦክቶበር 31 ቀን፣ ዓርብ ዕለት ደረሰኝ። በጣም የሚያምር ወረቀት ነው፤ ማኅተሙ ወርቃማ ሲሆን ፊርማዎም ሳይደበዝዝ በደንብ ይነበባል። ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከዚያ ቀን ዘጠኝ ሐሙሶች አልፈዋል። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ በእኔ ላይ የተለወጠ ነገር ካለ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ኦገስት ላይ የማላውቀውን፣ ኖቬምበር ላይ ግን ያወቅሁትን አንድ ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ። ቁልፌ ተመለሰልኝ፣ ማሰሮውን በከረሜላ ሞላሁት፣ ወረቀቱንም ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በተከታዩ ሳምንት ሐሙስ ከምሳ በኋላ በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ።

ልጅቷ በኮሪደሩ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ግን አልገባችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየች።

«ታደሰልዎት?»

«አዎ፣ ታደሰልኝ። ነይ ግቢ።»

«ጥሩ ነው፣ ሚስ ድቮራክ» አለችኝና አለፈች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስ ዲ ብላኝ ነበር።

ክቡር ዳይሬክተር፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። በጊዜው የገባ ማመልከቻ በእጃችሁ እስካለ ድረስ የአሮጌው ወረቀት ጊዜ እንዲራዘም አንድ መስመር ወደ ደንባችሁ ይጨምሩ። ለእኔ አምስት ዓመት ስላለኝ አይቸኩሉ። በሚመጣው ማርች ግን ማመልከቻ የሚያስገቡ አማካሪዎች አሉ፣ እነሱም የየራሳቸው የሐሙስ ልጆች አሏቸው። በሩን አሁንም በየሐሙሱ ከፍቼ እቀመጣለሁ፣ እስካሁንም አልመጣችም።

ላደረጉልኝ ሁሉ፣ ላላደረጉልኝም ጭምር፣ ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመዝገብ ክፍላችሁ የማያልቅ ቀለምን፣ ለጄኔል ደግሞ የደመወዝ ጭማሪን እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ማርሊስ ድቮራክ
የተማሪዎች አማካሪ (ፈቃዷ በአሁኑ ጊዜ የጸና)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ገጽ አሥራ አንድን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ለማንበብ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። አንብበው ሲጨርሱ ግን በተሳታፊዎች ሳጥን ውስጥ መፈረምዎን እንዳይረሱ አደራ፤ ካልፈረሙ እንዳላነበቡት ይቆጠራል።