ስምንት ፓውንድና የጋሬዝ ጥርስ

ዴክላን፣ አንተ እንቅልፋም፣

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። ድንቹን ኦቨን ውስጥ ትቼልሃለሁ፤ ካቃጠልከው የራስህ ጉዳይ።

በወር ስምንት ፓውንድ ከፍለህ፣ ጥርስ ስትታከም ወይ መነጽር ስትገዛ ደረሰኝ ልከህ ገንዘብህን የሚመልሱልህ የጤና መድን ያዋጣል ወይ ብለኸኝ ነበር። ደምሬ ቀንሼ አየሁት። ካልታመምክ ትከስራለህ።

ሦስታችን እዚህ ቤት ስንኖር ለጋሬዝም ይህንኑ ነው ያልኩት። "ስምንት ፓውንድማ ሁለት ቢራ ነው፣ አንተ ጅል!" ስለው ፎርሙን ቀደደው። ድዱ ሲያብጥ ደግሞ "ሐኪም ምን ያደርጋል፣ እኔ አለሁልህ" ብዬ ጥርሱን በክር ከወጥ ቤቱ በር እጀታ ጋር አሰርኩትና በሩን ድርግም! ክሩ ተበጠሰ። በሳቅ ሞትን። በሳምንቱ ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገባ።
የሬሳ ሳጥኑን አብረን ነው የተሸከምነው፣ ሌላ ምን ልበልህ።

ሂሳቤ ልክ ነበር እኮ። ግን ጋሬዝ የከፈለበትን ነገር ትቶ ያውቃል? የቀዘቀዘ አሳ እንኳ "ከፍዬበታለሁ" ብሎ ነበር ጥርግ የሚያደርገው። ከፍሎ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ጋ ይሮጥ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ሲንኳኳ፣ እሱ ከክፍሉ በቡጢ የሚመታ ይመስለኛል። "መጣሁ!" እላለሁ፣ ሳላስበው።

ፎርምህን ሞልቼ ማንቆርቆሪያው ሥር አድርጌዋለሁ፤ ፈርም። ያንን የሚጠዘጥዝህን ጥርስ ግን ዛሬውኑ ታየው፤ ቀድሞ ለጀመረ ህመም አይከፍሉም። እኔ እከፍላለሁ።

ክሩ አሁንም እጀታው ላይ አለ። አንተ ፍታው። የኔ እጅ እምቢ ብሏል።

ዌስ