ቀትር ላይ ጥላ የጠፋበት ቀን

መጋቢት 18፣ 1994
ሙቀት። አምስተኛ ክፍል፣ ስልሳ ሁለት ልጅ፣ ግማሽ ጠመኔ። ቶይባ ዛሬም ዘጠኝ ተኩል ሲቃረብ ሹልክ አለች። ምን ላድርጋት? አያቷ ሸህ ሙሀመድኑር በመስጂዱ አዛን የሚያደርጉት ሙአዚን ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ግቢው ውስጥ የተተከለችውን እንጨት ጥላ በገመድ እየለካች፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አስር፣ መድረሱን የምትነግራቸው እሷ ናት። ሰዓት አለ፣ ሬዲዮ አለ... ሸሁ ግን ከጥላ ሌላ አያምኑም።

መጋቢት 24
ስለ ጥላ አስተማርኩ። «ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ ጥላችን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል» አልኩ። ቶይባ እጇን አወጣች፤ «መምህር» የምትለኝ በኦሮምኛ ነው።

«ሁልጊዜ አይደለም፣ በርሲሳ። አሁን ወደ ቂብላ ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ይጠፋል። ከዚያ እስከ ነሐሴ ለቂብላ ጀርባውን ይሰጣል።»

ስንሰግድ የምንዞርበት ቂብላ እኛ ዘንድ ሰሜን ነው።

«ማን ነገረሽ?»

«አካኮ። እኔም አይቻለሁ።»

«አያትሽ እንኳን ጥላ፣ ሰውም አይለዩም» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መጋቢት 30
ቶይባ ከቀረች አራት ቀን ሆናት። በእኔ ምክንያት ይሆን? በማን ሊሆን ነው ታዲያ! ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ?

ሚያዝያ 3
ቤታቸው ሄድኩ። ሸሁ በድምፄ አወቁኝ።

«ኮቱ ልጄ፣ ግባ።»

ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «እኔ አልከለከልኳትም» አሉ። «ራሷ ናት እምቢ ያለች። አካኮን ውሸታም ወደሚሉበት አልሄድም አለች።» ቶይባ ከበሩ ኋላ ቆማለች።

«እውነት ይጠፋል?» አልኳቸው።

«ሚያዝያ አስር ቀትር ላይ ና። በዓይንህ እይ።»

ማታ መጽሐፉን ገለጥኩ። ፀሐይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንደምትመላለስ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። በእኛው አናት ላይ ታልፋለች ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ለልጆቹ የነገርኳቸው ደንብ ከእኛ በጣም ርቀው በሰሜን ለሚኖሩ ነው።

ሚያዝያ 10
ሱብሃነላህ።

ክፍሉን በሙሉ ከከሰዓቱ ትምህርት በፊት መስጂዱ ግቢ ወሰድኩ። ቶይባ እንጨቷ ሥር ተንበርክካ ነበር። ሸሁ በጣታቸው ትከሻዋን ነካ እያደረጉ ይጠይቃሉ።

«አሁንስ?»

«ሁለት ጣት... አንድ ጣት...»

ስድስት ሰዓት ከሃያ።

«አሁንስ?»

«የለም፣ አካኮ።»

የለም! እንጨቷ ቆማለች፣ ጥላ የላትም። ልጆቹ አንዱ የሌላውን እግር ያያል፤ ሁሉም ጥላውን ረግጦ ቆሟል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እዚሁ ጨፋ ሮቢት ተወልጄ፣ እዚሁ ግቢ ስሰግድ አደግሁ። በዓመት ሁለቴ ይህ ሲሆን ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ ወደ መሬት አላየሁም።

ልጆቹ ፊት ተናገርኩ። «ትክክሏ ቶይባ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሸህ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ» አሉና አዛን ሊያደርጉ ተነሱ። ቶይባ ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

ሚያዝያ 11
መጣች! ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዘጠኝ ተኩል ሲቃረብ ግን ሄደች። በየቀኑ የሚያመልጣት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው... ሸሁስ ያለ እሷ ምን ያድርጉ? እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል የለኝም።

ግንቦት 6
ጥላው እንዳለችው ለቂብላ ጀርባውን ሰጥቷል። ዛሬም ገመዱን ዘርግቼ «ደርሷል፣ ሸህ» አልኩ።

«የቀትሩን ጥላ ጨመርክ?»

አልጨመርኩም። አስር የሚደርሰው ጥላው የእንጨቷን ቁመትና የቀትሩን ጥላ ድምር ሲያህል ነው፤ ረስቼ።

«ቶይባ አትረሳም» ብለው ሳቁብኝ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጥላው ቀስ እያለ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ነገርኳቸው። አዛናቸው ሲሰማ ቶይባ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳ ፊት ቆማ ሒሳብ ትሠራ ነበር።