የወንድምሽን ሞተር ዳግም ስከፍተው

ለብዙነሽ፣ በክርክር ተረትታ ለማታውቀው ባለቤቴ፤

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ያለሽበት ቦታ ሰላም እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሰላም ከጠፋም አንቺ ገብተሽበት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጋራዡ ውስጥ ስንበረከክ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል እንጂ። የልጅ ልጆችሽ ቴሌቪዥኑን አንቺ ክፍል አስገቡት። ተቆጣሁ፣ አልሰሙኝም፤ አሁን አብሬያቸው አያለሁ።

ብዕር ያነሳሁት ግን ለቤት ወሬ አይደለም። ስለ ወንድምሽ ስለ ታደሰ ነው።

በዚህ በጋ የውሃ ቦቴውን አስጎትቶ መጣ። ደጃፌን ከረገጠ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። "ለሞተሩ ነው የመጣሁት፣ ላንተ አይደለም" አለኝ። "ይሻላል፤ ላንተ የሚሆን መለዋወጫ ከገበያ ጠፍቷል" አልኩት። አልሳቀም። ድሮ ይስቅ ነበር።

የጠባችሁን መነሻ አትረሺውም። ያንን ሞተር ሠርቼ ባስረከብኩት በሦስተኛው ወር ሀርሺን መንገድ ላይ ቫልቩ ተሰብሮ ፒስተኑ ላይ ወደቀ። ታደሰ ውሃ እንደጫነ ሁለት ቀን ሜዳ ላይ ቀረ። እኔ "ርካሽ ዘይት ጨምሮበት ነው" አልኩ፤ አንቺ አመንሽኝ። እዚሁ ግቢ፣ ሰው እየሰማ፣ "መኪናህን እንደ ሰው በቅሎ እየገረፍክ ባሌን አትውቀስ" አልሽው። ለፋሲካ ዶሮ የላክሽበት ድስት ታጥቦ ባዶውን ተመለሰ። ባዶ ዕቃ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቂ ድስቱን እንደያዝሽ በሩ ላይ ቆመሽ ቀረሽ። አየሁሽ። ዝም አልኩ።

ቦቴው ለዓመታት ቆሞ ከርሞ አምና ሌላ መካኒክ የተሰበረበትን ሲሊንደር ብቻ ጠግኖ አስነሳለት። አሁን ደግሞ ዘይት እየጠጣና እያጨሰ ቆመበት። ክዳኑን ስከፍተው የቀሩት ሦስቱ ሲሊንደሮች የእኔው እጅ ሥራ እንደነበሩ ናቸው። ሮከር አርሞቹን፣ ቫልቩን እየተጫኑ የሚከፍቱትን የብረት ክንዶች ማለቴ ነው፣ አነሳሁና የቫልቮቹን ጫፍ ጠረግሁ። ጭረቱ ከዳር እስከ ዳር በልቷቸዋል።

ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በአንቺው ኩል አይደል የምለካው? ክንዱ የቫልቩን ጫፍ መሃሉ ላይ፣ በጠባብ መስመር ብቻ መንካት አለበት። የቫልቩ መቀመጫ ብዙ ተሞርዶ ቫልቩ ከጠለቀ ጭራው ወደ ላይ ይወጣል፤ ክንዱም እየተንሸራተተ ቫልቩን ወደ ጎን ይገፋዋል። በመሃላቸው ያለውን ክፍተት በብሎን ስታስተካክዪው ሁሉም ልክ ይመስላል። ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁም ያምራል። ስህተቱን የሚያሳብቀው ኩሉ ነው፦ ጫፉን ቀብተሽ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙረሽ፣ የት እንደተጠረገ ማየት ነው። ስንቱን ጠዋት ብልቃጥሽን ስትፈልጊ እኔ ጋራዥ ውስጥ ደብቄው እንደማላውቅ ሆኛለሁ።

ለታደሰ ሞተር ግን ኩል አልቀባሁም። እውነቱ ይኸውልሽ። ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የአወዳይን ጫት የጫነችው መኪና ጡሩምባዋን እየነፋች ገባች፤ ጓደኞቼም በርጫ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ትቻለሁ ብዬ የማልኩልሽ ጫት ነው። ክፍተቱን ብቻ አስተካክዬ ክዳኑን ገጠምኩና ሄድኩ። ወንድምሽን ያሳጣሽ ርካሽ ዘይት አይደለም፤ የእኔ የአንድ ከሰዓት በኋላ ምርቃና ነው።

አሁንም ጠግኜ ዝም ማለት እችል ነበር። ታደሰ ቦቴ ይነዳል እንጂ ጭረት አያነብም። መጀመሪያ ያሰብኩትም እሱኑ ነው፤ ታውቂኛለሽ።

ብልቃጥሽ ደርቆ ስለነበር ኩል ልገዛ ጎረቤታችን ሆዳን ሱቅ ሄድኩ። "አዴር፣ በዚህ ዕድሜህ ኩል? ልታገባ ነው?" አለችኝ፣ እንደ ወትሮዋ በሶማልኛ አጎቴ ብላ። "አዎ፣ ሙሽራዋ ስምንት ዓይን አላት" አልኳት። ስምንቱ ቫልቮች መሆናቸውን አልነገርኳትም፤ እስካሁን ሙሽራዬን እየጠበቀች ነው።

ቫልቮቹንና የሚንሸራተቱባቸውን ቱቦዎች ለወጥኩ። ቀባሁ፣ አዞርኩ፣ አየሁ። ክንዶቹን በተሸከሙት መቆሚያዎች ሥር ስስ ብረት ቆርጬ አስገባሁ፤ የዘይቱን መውጫ እንዳይደፍን በስቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን የተጠረገው መስመር ጠበበ እንጂ መሃል አልገባም። ሌላ ብረት ቆርጬ ደግሞ ቀባሁ። በሦስተኛው ቀን በስምንቱም ጫፍ መሃል ለመሃል አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ቀረች። ከአምስት ዓመት በፊት እንዲህ ልሠራው እችል እንደነበር ሳይ አፌን መዝጋት አቃተኝ።

ታደሰን ጠራሁት። አንዱን አሮጌ ቫልቭ አስያዝኩትና አዲሶቹን እያሳየሁ ሁሉንም ነገርኩት፣ ጫቱን ጭምር። ቫልቩን ብዙ አገላበጠው።

"እህቴ ታውቅ ነበር?" አለኝ።

"አታውቅም። አምናኝ ነው የተጣላችህ።"

ቫልቩን ኪሱ ከተተው። "ክዳኑን ግጠመው። የሀርሺን ሰው ውሃ እየጠበቀ ነው" ብሎኝ ወጣ።

ይኸው አራተኛ ወሩ ነው፤ ቦቴው ሳያጨስ ይመላለሳል። ለእኔ ያለው ሰላምታ አሁንም ከአንገት በላይ ነው፤ አልፈርድበትም። ባለፈው እሑድ ግን መጥቶ "ወደ መቃብሯ ውሰደኝ" አለኝ። ከቀብርሽ ቀን ወዲህ ረግጦት አያውቅም ነበር። ይዤው ሄጄ ከሩቅ ሳመለክተው "ብቻዬን" አለኝ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ብዙ ቆየ። እጁን ሲያወራጭ አይቻለሁ። ምን እንዳለሽ አልጠየቅሁትም። ስለ እኔ የነገረሽ ሁሉ እውነት ነው።

ብዙነሽ፣ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ስምሽን ሳነሳ አልደክምም። ለባሏ ወግና ወንድሟን አጣች የሚል ካለም፣ ያሳጣኋት እኔ ነኝ እለዋለሁ። አሁን እንደልብሽ ተቆጪኝ፤ ዛሬ መልስ አልሰጥሽም።

ያው ባልሽ